ስኒ፣ ምጣድና የምንተነፍሰው አየር
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን፣ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ሃያ ደቂቃ ተሰጥቶሻል፣ ርዕሱን አንቺ ምረጪ» አሉኝ። «በጋዝ ሴንሰር ውስጥ ስላለው ሴራሚክና መስታወት» ስላቸው ስልኩ ትንሽ ዝም አለ። የ1997 ተመራቂ የክፍሌ ልጆች ደግሞ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «ይቺ ልጅ መሐንዲስ ሆነች እንዴ?» ብለው ሲሳሳቁብኝ ሰነበቱ። አልሆንኩም። አሁንም ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። ነገር ግን ድንገተኛ ክፍል የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ቁጥር ያነባል፤ የኦክስጅን መቶኛ፣ ብለድ ጋዝ፣ ሳቹሬሽን። ቁጥሩን አይቶ ቱቦ ያስገባል፣ ቁጥሩን አይቶ ወደ ቤት ይልካል። እኔ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ይህ ቁጥር ከየት ነው የሚመጣው የሚል ነገር ይዞኛል። ተከትዬው ስሄድ በየቦታው ጠብቆ ያገኘኝ አንድ ነገር ነው፤ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ትንሽ የሸክላ ወይም የመስታወት ቁራጭ።

ከሚታወቀው ልጀምር። የመብራት ኃይል ሠራተኞች በምሰሶ አናት ላይ ሽቦ የምትሸከመውን ነገር «ስኒ» ይሏታል። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላትም። ቡና የምንጠጣባት ስኒና የምሰሶዋ ስኒ እህትማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም በካኦሊን፣ በፌልድስፓርና በኳርትዝ ከተቦካ ፖርሲሊን ይሠራሉ። የምሰሶዋ ስኒ ሥራ ኤሌክትሪኩን ወደ ምሰሶው አለማሳለፍ ነው፤ ሥራዋን በደንብ ስትሠራ ማንም አያያትም። የምትታየው ስታቅት ነው። ክረምት ሊገባ ሲል የመጀመሪያው ካፊያ ጠብ እንዳለ መብራት የሚጠፋባቸውን ቀናት ታስታውሳላችሁ። አንዱ ምክንያት እሷ ናት። በጋውን ሙሉ የተሸከመችው አቧራ በካፊያ ሲርስ ገጿ ላይ ጨዋማ ጭቃ ይሆናል፣ ኤሌክትሪኩም በውስጧ ማለፍ ባይችል በላይዋ መንገድ ያገኛል። ዶፍ ዝናብ ሲመጣ ግን ያጥባታል፤ የሚያስቸግረው ካፊያው ነው።

ሁለተኛው ምሳሌዬ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። እዚህ ያላችሁ አብዛኞቻችሁ ቤት አለ፤ ገልብጦ ያየው ግን ጥቂት ሰው ነው። ከሸክላው ጀርባ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚዞር ቦይ ይቆፈርለታል፣ በቦዩ ውስጥ ሬዚስታንስ ሽቦ ይተኛል፣ ከዚያ ይደፈናል። ሽቦው ይግላል፤ ሸክላው ሙቀቱን ወደ እንጀራው ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪኩን ግን አያሳልፍም። ሦስት ተኩል ኪሎዋት የሚጠጋ ኃይል ከጋጋሪዋ እጅ በጥቂት ሚሊሜትር ሸክላ ተለይቶ ይሠራል ማለት ነው። ሸክላው ውሃ ከጠጣ ወይም ከተሰነጠቀ ይነዝራል፤ እናቶቻችን «ምጣዱ ያዘኝ» የሚሉት ይህንን ነው። ሙቀት አሳልፎ ኤሌክትሪክ የሚከለክል ዕቃ እንደልብ አይገኝም። ብረት ሁለቱንም ያሳልፋል፣ እንጨት ሁለቱንም ይከለክላል፣ ከእንጨት ምጣድ አይሠራም መቼስ።

እንግዲህ የጋዝ ሴንሰር ማለት ከስንዴ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ይህን ስል አላጋነንኩም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጃፓናዊው ናዖዮሺ ታጉቺ ቤት ውስጥ የሚፈስ ቡታጋዝ እሳት ሳያስነሳ የሚያስጠነቅቅ ነገር ፈልጎ ያበጀው ሴንሰር ጥቂት ሚሊሜትር የምትረዝም የአሉሚና ሴራሚክ ቱቦ ናት። በቱቦዋ ውስጥ ማሞቂያ ሽቦ አለ። በላይዋ ላይ ኤሌክትሮዶች ተቀብተው በእነሱ ላይ ቲን ኦክሳይድ ይለጠፋል። ሽቦው ሲግል ኦክሳይዱ ወደ 300 ወይም 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በዚህ ሙቀት ከአየሩ የመጣ ኦክስጅን የኦክሳይዱን ገጽ ይሸፍንና ኤሌክትሮኖቹን ይይዝበታል፤ ሬዚስታንሱ ከፍ ይላል። ቡታጋዝ ወይም ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲመጣ ያንን ኦክስጅን ያቃጥለዋል፣ ኤሌክትሮኖቹ ይለቀቃሉ፣ ሬዚስታንሱ ይወድቃል። መሣሪያው ውድቀቱን አይቶ ይጮኻል። ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም።

ታዲያ ሴራሚኩ ምን ሠራ? ኦክሳይዱ በሚሊዮን ኦም የሚቆጠር ሬዚስታንስ ሊኖረው ይችላል። ከሥሩ ያለው ቱቦ በዚያ ሙቀት ትንሽ እንኳ ኤሌክትሪክ ቢያሾልክ መሣሪያው ጋዙን ትቶ ቱቦውን መለካት ይጀምራል። ነጠብጣብ በሚያፈስ ሲሪንጅ መድኃኒት እንደመለካት ነው። ተራ ሸክላ ወይም የመስኮት መስታወት እዚህ ላይ ይወድቃል። መስታወት ሲቀዘቅዝ እጅግ ጥሩ ከልካይ ነው፤ ሲግል ግን በውስጡ ያለው ሶዲየም መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ኤሌክትሪክም ይዞ ይሄዳል። ቀይ እስኪሆን የጋለ የመስታወት ዘንግ አምፖል ያበራል፤ የፊዚክስ መምህራን የሚወዱት ትርዒት ነው። ንጹህ አሉሚና ግን በዚህ ሙቀት ጸንቶ ይቆማል። ለዚህ ነው የሴንሰር ሠሪዎች ከ96 በመቶ በላይ አሉሚና የሆነ፣ ወደ 1,600 ዲግሪ የተተኮሰ ሴራሚክ የሚመርጡት። የመኪና ካንዴላ ላይ የምናየው ነጭ ሸክላ የዚሁ ዘመድ ነው።

ሌላው ጣጣ መስፋፋት ነው። ብረትና መስታወት አብረው ሲሞቁ እኩል ካልሰፉ መገጣጠሚያው ይሰነጠቃል፣ አየርና እርጥበት ያስገባል። ፕላቲነምና ተራው የሶዳ ኖራ መስታወት የሚሰፉት በጣም ተቀራራቢ ነው፤ ለዚህ ነው የድሮ ቤተ ሙከራ ሰዎች ፕላቲነም ሽቦን በመስታወት ውስጥ መድፈን የወደዱት። ይህ ነገር ለእኛ ለሐኪሞች ምን አመጣ? ሌላንድ ክላርክ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የደም ኦክስጅን የሚለካውን ኤሌክትሮድ ሲሠራ ፕላቲነሙን በመስታወት ደፍኖ ጫፉን ብቻ ክፍት ተወው። ዛሬ የብለድ ጋዝ ወረቀት ላይ የምናነበው ፒኦቱ የሚመጣው ከዚህ ኤሌክትሮድ ወይም ከልጅ ልጆቹ ነው። መስታወቱ ቢሾልክ ኦክስጅን በሌለበት ኦክስጅን እናነብ ነበር።

ፒኤች የሚለካው መስታወት ደግሞ የባሰ ይገርማል። ቅድም ጉድለት ነው ያልኩት የመስታወት ማሾለክ እዚያ ሥራ ተሰጥቶታል። ከጫፍ ያለችው ስስ አረፋ ሆን ተብሎ ትንሽ ከሚያሳልፍ መስታወት ትነፋለች፤ እጀታዋ ግን ከእርሷ በብዙ እጥፍ ከሚከለክል መስታወት መሆን አለበት። ያለዚያ ምልክቱ በጎን ያመልጣል። የኮፐንሀገኑን የ1952 (እ.ኤ.አ.) የፖሊዮ ወረርሽኝ የምታስተምሩ መምህራን አላችሁ። ብዮርን ኢብሰን ጉሮሮ ከፍቶ በእጅ አየር መስጠት ሲጀምር፣ ከሺህ በላይ የሕክምና ተማሪዎች ቀንና ሌሊት ተፈራርቀው ባሉን ሲጨምቁ፣ ክርክሩ የነበረው በሕመምተኞቹ ደም ውስጥ ከፍ ብሎ የታየው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አልካሎሲስ ነው ወይስ አሲዶሲስ የሚል ነበር። ነገሩን የለየው የፒኤች ኤሌክትሮድ ነው። ተማሪዎቹን ሁሉም ያነሳል፣ ይገባቸዋልም፤ የመስታወቷን አረፋ ግን የሚያነሳት የለም።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ።

እኛ ተማሪ ሳለን የነበረው ልደታ አሁን የለም። የጭቃ ቤቶቹ ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ቆሟል። ቤቱ ተሻሽሏል፣ ማንም አይክድም። ነገር ግን የድሮው የጭቃ ቤት በጣሪያውም በግድግዳውም ንፋስ ያስገባ ስለነበር፣ ሳይታሰብ ማናፈሻ ነበረው። የኮንዶሚኒየም ክፍል በሩና መስኮቱ ከተዘጋ ዝግ ነው። ክረምት ነው፣ ይበርዳል፣ መብራት ጠፍቷል፣ ምድጃው ተቀጣጥሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ደግሞ «ከሰሉ ፈሟል፣ ጭስ የለውም» ይባላል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህች አባባል ናት። ጭስ የማይታይበት ፍም ካርቦን ሞኖክሳይዱን እንደልቡ ያመርታል፤ ጋዙ ደግሞ ቀለምም ሽታም የለውም።

አንድ ሌሊት አንዲት እናት፣ ሁለት ልጆቿና የቤት ሠራተኛቸው አንድ ላይ መጡ። ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ ትንሿ ልጅ ፈዛለች። መጀመሪያ የተነገረን የምግብ መመረዝ ነው። ጣት ላይ የምትደረገዋ ፐልስ ኦክሲሜትር በአራቱም ላይ 96 እና 97 ታነባለች፤ ለአዲስ አበባ ከፍታ ከጥሩም በላይ ነው። አንድ ቤተሰብ እንዲህ በአንድ ሌሊት ሲታመም የምንጠይቀው ጥያቄ አለ፣ ጠየቅን፤ ማታ ከሰል አስገብተው ነበር የተኙት። ማስክ አድርገንላቸው ኦክስጅን ስንከፍት አጎትየው አጠገቤ መጥቶ «ዶክተር፣ ማሽኑ እኮ ደህና ነው ይላል። ኦክስጅኑ ለባሰበት ይሁን» አለኝ። በቅንነት ነው፤ ሰው መጉዳት ፈልጎ አይደለም። የማሽኑን ቁጥር ያነበበው በትክክል ነው። የተሳሳተችው ማሽኗ ናት። በሁለት ብርሃን ብቻ የምትሠራ ፐልስ ኦክሲሜትር ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ከያዘው መለየት አትችልም። ጋዙ ደግሞ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ነው። በተራ አየር ከሆነ ግማሹ ከደም ለመውጣት አራትና አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ በንጹህ ኦክስጅን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። ለአጎትየው ይህንን አስረዳሁት፣ ወንበር ስቦ ልጅቷ አጠገብ ተቀመጠ። አራቱም ድነው ወጡ።

ስለዚህ መለካት ያለበት ከደሙ በፊት የክፍሉ አየር ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ውጭ አገር የምትኖሩት ጣሪያችሁ ላይ አለ፣ አይታችሁትም አታውቁም ይሆናል። እዚህ ያለነው ልንገዛ ስንነሳ ግን የቱን የሚለው ነገር አለ። እንደ ታጉቺ ቱቦ የሚግለው ዓይነት ማሞቂያ ስላለው ኃይል ይበላል፤ ከግድግዳ ሶኬት ብቻ የሚሠራ ከሆነ መብራት ሲጠፋ እርሱም ይጠፋል። እኛ ደግሞ ከሰል የምናስገባው መብራት ሲጠፋ ነው! በዚያ ላይ ጋዝ አይመርጥም። ቡና ሲቆላ፣ ዕጣን ሲጨስ፣ አረቄ ሲቀዳ ሊጮኽ ይችላል። በሦስተኛው የበዓል ቀን ባለቤቱ ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ሲሊኮን ያለበት የፀጉር ቅባትና ማጣበቂያ ተን ደግሞ ቀስ በቀስ ገጹን ሸፍኖ ያደነዝዘዋል። ለከሰል የሚሻለው ኤሌክትሮኬሚካል የሚባለው ነው፤ ማሞቅ ስለማያስፈልገው በባትሪ ለዓመታት ይሠራል። የታጉቺው ዓይነት ቦታው ቡታጋዝ ጋ ነው። ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ከወለሉ ከፍ ባላለ ቦታ፣ ሲሊንደሩ አጠገብ መሰቀል አለበት። ጣሪያ ላይ የሰቀሉትን አይቻለሁ።

የመጨረሻው ጉዳዬ ኦክስጅን ራሱ ነው። ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የሕክምና ኦክስጅን ፍኖተ ካርታ ወዲህ፣ ይበልጥ ደግሞ ከኮቪድ ወዲህ፣ ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ያልደረሰበት ሆስፒታል እየቀነሰ ነው። ማሽኑ አየርን በዜዮላይት እያጣራ ናይትሮጅኑን ያስቀራል፤ ጤነኛ ከሆነ 93 በመቶ አካባቢ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ከ82 በመቶ በታች ሲወርድ እንዲያስጠነቅቅ ይጠይቃል። ይህንን ከሚያነቡት ሴንሰሮች አንዱ ዓይነት ዚርኮኒያ ነው። ዋልተር ኔርንስት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለመብራት የሞከረው ሴራሚክ ነው፤ ዛሬ በየመኪናው ጭስ ማውጫ ላይ ላምዳ ሴንሰር ተብሎ ተተክሏል። ሲቀዘቅዝ ምንም አያሳልፍም። ወደ 700 ዲግሪ ሲግል ግን የኦክስጅን አዮን ብቻ ያሳልፋል፤ በአንድ ወገን የክፍሉ አየር፣ በሌላው ወገን የማሽኑ ኦክስጅን ሲሆን በመካከላቸው ቮልቴጅ ይፈጠራል።

ቮልቴጁ ስንት ነው? እስክሪብቶ ይዤ በኔርንስት ቀመር አሰላሁት፤ አንደኛ ዓመት የተማርነው ያው ቀመር ነው። በ700 ዲግሪ አካባቢ 21 በመቶ ከሆነው አየርና 93 በመቶ ከሆነው ኦክስጅን መካከል ያለው ልዩነት ወደ 31 ሚሊቮልት ነው። ደህና በሆነው 93 እና ማስጠንቀቂያ በሚጮኽበት 82 መካከል ያለው ደግሞ ሦስት ሚሊቮልት አይሞላም። ሦስት ሚሊቮልት! ከጎኑ ደግሞ በቮልት የሚቆጠር ኃይል የሚያገኝ ማሞቂያ እየጋለ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ያው የአሉሚና ሽፋን ነው። እርጥበት ከጠጣ፣ ከቆሸሸ ወይም ከተሰነጠቀ የማሞቂያው ኤሌክትሪክ ወደ መለኪያው ይሾልክና የሕፃኑ ኦክስጅን ተብሎ ይነበባል። የምሰሶዋ ስኒ በካፊያ ጊዜ የምትሠራውን እዚህም ይሠራል።

ከአዲስ አበባ ውጭ ባለ አንድ ሆስፒታል የገጠመኝን ልንገራችሁ፤ ስሙን አልጠራም፣ ብዙ ቦታ ሊሆን ይችላልና። ኮንሰንትሬተሩን የተከሉት ዕቃ ከሚቀቀልበት ክፍል በር ላይ ነው። ማስጠንቀቂያው ቀኑን ሙሉ ይጮኽ ስለነበር አንድ ሰው ድምፁን በፕላስተር አፍኖታል። የኦክስጅን መለኪያ ይዤ ስለነበር ለካሁት፤ 70 እንኳ አልሞላም። እንፋሎቱ ዜዮላይቱን ጨርሶታል። ማስጠንቀቂያው በዚያ ሁሉ እርጥበት ውስጥ እውነቱን ሲናገር ነበር የታፈነው። ሲስተሯ «እኛ እኮ ማሽኑ አበደ ብለን ነው» አለችኝ። ማን አስተምሯት? መመሪያው ያለው በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም መጋዘን ውስጥ።

ከፍታም አለብን። አብዛኞቹ የኦክስጅን ሴንሰሮች የሚያነቡት የኦክስጅኑን ግፊት ነው፤ መቶኛው ከዚያ ተሰልቶ ይመጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የምትገኝ ናት፤ የአየር ግፊታችን ወደ 580 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው፣ በባሕር ዳርቻ 760 ነው። በባሕር ወለል ልክ ተስተካክሎ የመጣ እንዲህ ያለ መለኪያ እዚህ ግቢ ሜዳ ላይ ብትከፍቱት 21 ማለት ሲገባው 16 ይላል። ደብረ ብርሃን ወይም መርሳ ብትወስዱት ሌላ ቁጥር ይሰጣችኋል። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፤ መሣሪያው በሚሠራበት ከተማ፣ በክፍሉ አየር 21 እንዲያነብ ማስተካከል ነው። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። የግዢ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ የጨረታ ሰነዱ ላይ «ከ2,400 ሜትር በማያንስ ከፍታ የሚሠራ» የሚል መስመር ጨምሩልኝ። ሰሜን ሸዋ ወይም ጋሞ ደጋ ለሚሄደው ከዚያም ከፍ አድርጉት።

ለመምህራን አንድ ጥያቄ ልተው። አምስት ኪሎ ባዮሜዲካል መሐንዲሶች እናሠለጥናለን፤ ከዚህ በመኪና ብዙ አይርቅም። የእነርሱና የእኛ ተማሪዎች ግን አይተዋወቁም። የእነርሱ ተማሪ አንድ ወር ከእኛ ድንገተኛ ክፍል ቢያሳልፍ፣ የእኛም ተማሪ አንድ የተበላሸ ሴንሰር በእጁ ፈትቶ ቢያይ ምን ይከብዳል? ሀዋሳ ላይ የታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ ሳህንና ሴራሚክ ሲሠራ ኖሯል፤ የቦምቦዋ ካኦሊንም አገራችን ውስጥ ነው። ከዚያ ተነስቶ ንጹህ አሉሚና ድረስ መንገዱ ረጅም ነው፣ ነገ እንሠራዋለን እያልኩ አላሞኛችሁም። የተሰበረ መለኪያ ጠግኖ፣ አጽድቶ፣ በከፍታችን ልክ አስተካክሎ መመለስ ግን በዚህ ዓመት መጀመር የሚቻል ነው።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ መሰለኝ፤ ሰብሳቢው እያዩኝ ነው። ሻይ ከሚቀርብበት ጠረጴዛ በስተግራ ሦስት ነገር አስቀምጫለሁ፦ አንድ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ፣ አንድ የተከፈተ የቡታጋዝ ሴንሰርና የማጉያ መነጽር፣ አንድ የኦክስጅን መለኪያ። መለኪያውን ሆን ብዬ በባሕር ወለል ልክ ትቼዋለሁ። መጀመሪያ የመጣ ሰው ያስተካክለው፤ ቁልፉ ከጎኑ ነው።